ጭብጨባ የማይሰማባቸው ወራት

የብስክሌት ውድድር ለተመልካቹ እጅግ አጭር ነገር ነው። በመንገድ ዳር የቆመው ሰው ከሩቅ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ይሰማል፤ አንገቱን ያሰግጋል፤ ባለ ብዙ ቀለም መንጋ እንደ ነፋስ ሽው ብሎ ያልፈዋል፤ የካቴና ድምፅና የላብ ሽታ ለቅጽበት አየሩ ላይ ይቀራሉ፤ ከዚያ መንገዱ ተመልሶ የአህያና የታክሲ መንገድ ይሆናል። ያጨበጨበው መዳፍ ሳይሞቅ ትርኢቱ አልቋል።

ለዚህ ቅጽበት የተከፈለው ዋጋ ግን በሰዓትና በደቂቃ የሚለካ አይደለም። በአውሮፓ ታላላቅ ቡድኖች ውስጥ የሚወዳደር ብስክሌተኛ በዓመት 30,000 ኪሎሜትር ያህል ይነዳል፤ ይኸውም የምድርን ወገብ ሦስት አራተኛ እንደ መዞር ነው። የሚወዳደርባቸው ቀናት ሰባ ቢሆኑ፣ ሰማንያም ቢደርሱ፣ የመንገዱ የሚበልጠው እጅ የሚያልቀው ማንም ባልቆመበት ጎዳና ላይ ነው። የተውኔት ሰዎች ይህን ሒሳብ በቀላሉ ይረዱታል። ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ትርኢት ሦስት ወር በባዶ አዳራሽ፣ ለባዶ ወንበሮች፣ አንዱን ቃለ ተውኔት መቶ ጊዜ መላልሶ ማለት ምን እንደሆነ ያውቁታልና። ልዩነቱ፣ ተዋናዩ ቢያንስ ከዝናብ የሚያስጥለው ጣራ ያለው መሆኑ ነው።

ይህ ያልታየ ድካም በአገራችንም ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሰለፈችበት፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም እንደነበሩ የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ከ187 ኪሎሜትር በላይ የሆነውን የመንገድ ውድድር ለመንዳት በዚያ ተሰልፈው ነበር። ገረመው ከአራት ዓመት በኋላ በሮምም ተሰልፏል፤ ነገር ግን በዚያች ከተማ፣ በዚያው ሰሞን፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ስላስደነቀ፣ የብስክሌቱ ድምፅ በሯጩ የእግር ኮቴ ተዋጠ። አሸናፊ ይዘመርለታል፤ በዚህ የሚከፋ የለም። ጥያቄው የማይዘመርለት ሰው በማግሥቱ ንጋት ምን ብሎ ከአልጋው እንደሚነሣ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በየስብሰባው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ወኔ ይባላል። ወኔ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ወኔ የመጨረሻዋ ኪሎሜትር ስንቅ ነው። ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በካፊያ ውስጥ ለሚደረግ የስድሳ ኪሎሜትር ዝግ ያለ ጉዞ ወኔ ብዙ አያገለግልም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይጎዳል። መፈክርም ፔዳል አይረግጥም።

ወኔ የሚጎዳበት ምክንያት በራሱ በሰው አካል አሠራር ውስጥ ይገኛል። አካል የሚጠነክረው ሲሠራ ሳይሆን ከሠራ በኋላ ሲያርፍ ነው። ብርቱ ልምምድ ጡንቻን ያደክማል፤ በውስጡ የተከማቸውንም ኃይል ይጨርሳል። ቀጥሎ ምግብና እንቅልፍ ከተገኘ አካሉ የተጎዳውን ጠግኖ፣ ከቀድሞው ጥቂት ከፍ አድርጎ ይሠራዋል፤ ካልተገኘ ግን ጉዳት በጉዳት ላይ ይደረባል። ስለዚህ የብስክሌተኛ ዓመት እንደ ገበሬ ዓመት በወቅት የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ረጅምና ዝግ ያሉ ጉዞዎች የሚበዙበት የመሠረት ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይበረክታሉ። ቀጥሎ ለጥቂት ደቂቃ በሙሉ ኃይል እየነዱ ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሽ የሚሰበስቡበት፣ ጉሮሮ የሚያደርቅ የፍጥነት ልምምድ ይመጣል። ውድድሩ ሲቃረብ ደግሞ የኪሎሜትሩ ብዛት ይቀነሳል። ወኔ ለሞላው ወጣት ከሁሉ የሚከብዱት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ናቸው። በጥቅምት ዝግ በል ሲሉት ይፈጥናል፤ በግንቦት ዕረፍ ሲሉት ይሰጋል።

በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወጣት ይህን የተማረው በደብተር ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ በአንድ ማተሚያ ቤት ከሰዓት በኋላ ባለው ፈረቃ ይሠራል፤ ጠዋቱ የብስክሌት ነው። አሠልጣኙ ራሳቸው በጉብዝናቸው ዘመን የተወዳደሩ፣ ዛሬ ጉልበታቸው እንደ ልብ የማይታዘዝላቸው አዛውንት ናቸው። በመስከረም መጨረሻ፣ ክረምቱ አፉን ሲዘጋ፣ አንድ የተማሪ ደብተር ሰጡት።

«ጋሼ፣ ምን ልጻፍበት?»

«ከአልጋህ ሳትወርድ የልብህን ምት። ስንት ሰዓት እንደ ተኛህ። ስንት ኪሎሜትር እንደ ነዳህ። በመጨረሻም፣ ያን ቀን መንዳት ፈልገህ ነበር ወይስ አልፈለግህም።»

ወጣቱ በመጨረሻው ጥያቄ ሣቀ።

«ካልፈለግሁስ?»

«አልፈለግሁም ብለህ ትጽፍና ትነዳለህ።»

ጉዞው ጎሕ ሳይቀድ ይጀመራል። ከከተማው ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው ጎዳና፣ ወይም በእንጦጦ ሽቅብ አልፎ ወደ ሱሉልታ፣ አንዳንዴም ቁልቁል ወደ ቢሾፍቱ። ሰዓቱ የተመረጠው ለውበቱ አይደለም፤ ከባድ መኪናዎች መንገዱን ሳይሞሉት ለማለፍ ነው። የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ በጀርባው ዓይን ያበጀ ፍጡር ነው፤ ከኋላው የሚመጣው ሲኖትራክ ባዶ ይሁን የተጫነ ከሞተሩ ድምፅ ይለያል። በመንገዱ ዳር እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ከእንጦጦ ሲወርዱ እርሱ ሽቅብ ይወጣል። የማን ልምምድ እንደሚከብድ ለመፍረድ የሚደፍር ሰው አይገኝም።

በታኅሣሥ መጨረሻ አሠልጣኙ ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። የልቡ ምት ከጥቅምት ወዲህ እየቀነሰ መጥቷል፤ ይኸውም ልብ በጥቂት ምት ብዙ መሥራት መልመዷን የሚያሳይ መልካም ምልክት ነው። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ግን «አልፈለግሁም» የሚለው ቃል ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ነበር። ወጣቱ አፈረ። አሠልጣኙ ጣታቸውን ከዚያ ዓምድ ወደ ኪሎሜትሩ ዓምድ አሻገሩ፤ በፈለገበትና ባልፈለገበት ቀን የተነዳው መንገድ ልዩነት አልነበረውም። ምንም አላሉትም፤ ደብተሩን ዘግተው መለሱለት።

ምናልባት ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም ነበር። በስፖርትም ሆነ በኪነ ጥበብ ዙሪያ ስለ ስሜት ብዙ ይባላል። ስሜቱ ሲመጣ የሚጽፍ ገጣሚ፣ ስሜቱ ሲመጣ የሚያስተምር መምህር፣ ስሜቱ ሲመጣ የሚነዳ ብስክሌተኛ የሚታሰቡ ናቸው። ሦስቱም በዓመት መጨረሻ ላይ የሚያሳዩት ጥቂት ነው። ስሜት እንግዳ ነው፤ ቤቱ ክፍት ሆኖ ካላገኘው ያልፋል፤ ቤቱን ክፍት የሚያደርገው ደግሞ ሥራው ነው።

ስለ ቁሳዊው ችግር ዝም ብሎ ማለፍ ቅንነት አይሆንም። የውድድር ጎማ ከውጭ የሚገባ፣ ዋጋውም ከወጣቱ ደመወዝ ጋር የማይተዋወቅ ነው። ስለዚህ በልምምድ ቀን ሦስት ጊዜ የተለጠፈ ከላማዳሪ ይዞ ይወጣል፤ ደኅናው ጎማ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ለውድድር ቀን ይቀመጣል። ስንቁም የአገር ቤት ስንቅ ነው። በሶ በውኃ ተበጥብጦ፣ ጥቂት ጨውና ስኳር ገብቶበት፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዛል። የዘመኑ ሳይንስ ለረጅም ጉዞ ቶሎ የሚፈጭ እህል፣ ውኃና ጨው ያስፈልጋል ሲል፣ ገበሬውና ነጋዴው ከዘመናት በፊት በአቅማዳቸው ይዘውት የተጓዙትን ነገር እየመሰከረ ነው።

በየካቲት የዐቢይ ጾም ገባ። ወጣቱ ይጾማል፤ እናቱም እርሱ ጾሙን ቢገድፍ እህል የሚወርድላቸው ሰው አይደሉም። በባዶ ሆድ ሰማንያ ኪሎሜትር ነድቶ እስከ ተሲዓት መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለአሠልጣኙ ሊነግራቸው ሲፈራ ሲቸር ሰነበተ። እርሳቸው ቀድመው አወቁ።

«ልጄ፣ ጾሙን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ። ድካሙን ግን ለእኔ አትደብቀኝ።»

ጉዞው አጠረ፤ የፍጥነቱ ልምምድ ከምግብ ሰዓት እንዳይርቅ ወደ ዕረፍቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ተዛወረ፤ ሽሮው፣ ምስሩና ተልባው በመጠን ተጨመረ። ይሁን እንጂ በጾሙ መጨረሻ ገደማ ደብተሩ ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። የጠዋቱ የልብ ምት ከ48 ወደ 57 ወጣ። እንቅልፉ ተቆራረጠ። ቀድሞ በቀላሉ ይወጣው የነበረው የእንጦጦ አቀበት እንደ ጭቃ እግሩን ያዘው። እርሱም ብዙዎች የሚያደርጉትን አደረገ፤ የደከመው በቂ ስላልሠራ መስሎት ልምምዱን በስውር ጨመረ። ለሁለት ሳምንት ያህል «ፈልጌ ነበር» የሚለው ቃል ብቻ ተጽፎበታል። አሠልጣኙን ያስደነገጣቸው የልቡ ምት ብቻ አልነበረም፤ ይህ ቃል ሳይቋረጥ መደርደሩም ነበር።

ሳይናገሩ የብስክሌቱን የፊት ቸርኬ ፈትተው፣ በእጃቸው አንጠልጥለው፣ በታክሲ ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

ስድስት ቀን ቆየ። በደብተሩ ላይ ስድስት ረድፍ አለ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ «ዕረፍት። ፈልጌ ነበር።» ይላል። ወጣቱ ከዓመቱ ሁሉ የከበደው የትኛው ሳምንት እንደሆነ ቢጠየቅ ስለ ዝናቡም፣ ስለ አቀበቱም አይናገርም። በሰባተኛው ቀን የልቡ ምት ወደ 49 ወርዶ ነበር፤ ቸርኬውም ተመለሰ።

ማረፍ አለመቻል የጀማሪ በሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ነገር ግን በዚህ ስፖርት ታሪክ ከማንም በላይ ያሸነፈው ሰውም ከዚህ ነፃ አልነበረም። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ስለሚጨርስ «ሰው በላው» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ዓመት ውስጥ ሚላን-ሳን ሬሞን፣ ልየዥ-ባስቶኝ-ልየዥን፣ የኢጣሊያን ዙር፣ የፈረንሳይን ዙርና የሎምባርዲያን ውድድር አሸነፈ። ሌሎች ብስክሌታቸውን ሰቅለው ለክረምቱ ሲዘጋጁ፣ እርሱ በጥቅምት ወር ወደ ሜክሲኮ ከተማ በረረ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻውን፣ ከጊዜ በቀር ባላንጣ በሌለበት ክብ ሜዳ፣ ስንት ኪሎሜትር መንዳት እንደሚችል ሊለካ ነበር።

ሜክሲኮ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለችም። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ማራቶንን ያሸነፈባት፣ ከባሕር ጠለል 2,240 ሜትር ያህል ከፍ የምትል፣ በአየሯ ስስነት የአዲስ አበባ እኅት የምትባል ከተማ ናት። ስስ አየር ለብስክሌተኛ ሁለት ስለት ያለው ቢላዋ ነው፤ ፊት ለፊት የሚገፋው አየር ይቀንሳል፣ ሳንባ የሚያገኘው ኦክሲጅንም አብሮ ይቀንሳል። መርክስ ለዚህ ሲዘጋጅ በቤልጂግ፣ በቤቱ ውስጥ፣ ኦክሲጅኑ የተቀነሰ አየር በጭምብል እየተነፈሰ በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ይለማመድ ነበር። የእኛ ወጣት በነፃ የሚተነፍሰውን አየር፣ የዓለሙ ጀግና በጭምብል ፈልጎ አገኘው። (በነፃ የሚገኝ ነገር ሁሉ ጥቅም ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ በከፍታ ላይ የሚለማመድ ሰው እንደ ቆላው ሰው በፍጥነት መንዳት አይችልም፤ ድካሙም ቶሎ አይለቀውም።)

ጥቅምት 25 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. መርክስ በአንድ ሰዓት 49 ኪሎሜትር ከ431 ሜትር ነዳ። መጀመሪያ ላይ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ የ10 እና የ20 ኪሎሜትሩን ክብረ ወሰን በመንገዱ ሰበረ፤ የቀረውን ጊዜ የጨረሰው በሥቃይ ነው።

ይህን ሰው ያነሣሣው የድል ረሃብ ነው ይባላል። ረሃቡ አይካድም። ግን ከሦስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 መስከረም፣ በብሎዋ ከተማ በክብ ሜዳ ላይ በደረሰ አደጋ ከፊቱ በሞተር ይመራው የነበረው ሰው ሲሞት፣ መርክስም በዳሌውና በጀርባው ላይ ጉዳት ደርሶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ አቀበት ያለ ሕመም ወጥቶ እንደማያውቅ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የኮርቻውን ቁመት በቁልፍ ከፍና ዝቅ ሲያደርግ፣ አንዳንዴም እየነዳ ሲያስተካክል ይታይ ነበር። ይህ የጠገበ ንጉሥ ሥራ አይመስልም። ይልቅስ መጋዙ ትክክል አልቆርጥ ብሎት ደጋግሞ የሚሞርድ አናጢ ይመስላል። ታላላቆቹ ድሎች የተገኙት ከዚህ ሕመም በፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወጣትነት ነው ይባል ነበር፤ ብዙዎቹ ግን የተገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ያ ሁሉ ተሰበረ። በፈረንሳይ ዙር በፒዊ ደ ዶም አቀበት ላይ አንድ ተመልካች ጎኑን በቡጢ መታው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 13፣ ወደ ፕራ ሉ በሚወስደው የመጨረሻ አቀበት ላይ ጉልበቱ ከዳው፤ ፈረንሳዊው ቤርናር ቴቭኔ አልፎት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ወደቀና የጉንጩ አጥንት ተሰበረ። ቢያቆም ማንም አይወቅሰውም ነበር። አላቆመም፤ እስከ ፓሪስ ነድቶ በ2 ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። የተሸነፈው መርክስ ከአሸናፊው መርክስ የበለጠ ስለዚህ ጉዳይ ያስተምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ሳምንት የድል ረሃብ ሊያነሣው አይችልም ነበር፤ ድሉ ከእጁ ወጥቷልና። ዋናው ብስክሌተኛ የሚያገኘው የሽልማት ገንዘብ ለጓደኞቹ የሚከፋፈል መሆኑም የዚህ ስፖርት የቆየ ልማድ ነው፤ ሁለተኛነት ለአንድ ሰው ሽንፈት ቢሆንም ለስምንት ሰው እንጀራ ነው።

ድል ራሱም ቢሆን ወረቱ አጭር ነው። የአሥመራው ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ ዙር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ፤ ከዚያ በፊት ማንም ጥቁር አፍሪቃዊ በዚያ ውድድር የዕለት አሸናፊ ሆኖ አያውቅም ነበር። በተከታዩ ዓመት በዚያው ውድድር በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ወጣ፤ ሦስቱም ሳምንታት ግን ያለ አንድ የዕለት ድል አለፉ። ከድል በኋላ ያለው ጥር ከሽንፈት በኋላ ካለው ጥር አያጥርም።

በግንቦት፣ ለዓመቱ ዋና ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አሠልጣኙ ወጣቱን ለብቻው ጠሩት።

«ልጄ፣ በዚህ ውድድር የምትነዳው ለታናሽህ ነው።»

ታናሽ የተባለው በዚያው ዓመት ወደ ክለቡ የገባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች ማንም የማይደርስበት ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ደከምሁ እንዴ?»

«አልደከምህም። ደክመህ ቢሆን ለዚህ ሥራ አልመርጥህም ነበር።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ መልስ ማጽናኛ ይመስላል፤ ግን ደረቅ እውነት ነው። በብስክሌት የሰውን ጉልበት ከሁሉ በላይ የሚበላው ነፋስ ነው። ከሌላው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው በደልዳላ መንገድ ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ያህል ይቆጥባል። ስለዚህ አንዱ ቀኑን ሙሉ ነፋሱን በደረቱ ተቀብሎ፣ ውኃ ከመኪና አምጥቶ፣ ሌሎች ሲያመልጡ አሳድዶ፣ መሪውን ሳይደክም ወደ መጨረሻው ካላደረሰው፣ ፈጣኑ ልጅ ፈጣን መሆኑን የሚያሳይበት ሁለት መቶ ሜትር አያገኝም።

የዚህ ሥራ ስም ግን መራራ አመጣጥ አለው። እ.ኤ.አ. በ1911 በፈረንሳይ ዙር፣ ራሱ የማሸነፍ ተስፋው የተሟጠጠ ሞሪስ ብሮኮ የተባለ ብስክሌተኛ ጉልበቱን ለሌሎች አከራየ ተብሎ ተከሰሰ። የውድድሩ መሥራች አንሪ ደግራንዥ የቤት አሽከር ሲል በጋዜጣው ሰደበው። ብሮኮ በማግሥቱ በቁጣ ነድቶ ሁሉን ቀድሞ ገባ፤ መጨረሻው ግን ከውድድሩ መሰረዝ ሆነ። ስድቡ በፈረንሳይኛ የሙያው ስም ሆኖ ቀረ። ጣሊያኖች ግን ለዚሁ ሰው ሌላ ቃል አላቸው፤ ከላቲን የመጣና ተራ ወታደር ማለት የሆነ። አሽከርና ወታደር በአንድ መንገድ ላይ አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ የሚለያዩት በስማቸው ብቻ ነው፤ ስሙን የሚሰጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያልነዳው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 የሃያ ዓመቱ ሬኔ ቪዬቶ በዚያው ውድድር በተራራው ላይ ሁሉን ያስደነቀ ወጣት ነበር። የቡድኑ መሪ የአንቶናን ማኝ ቸርኬ ሲሰበር ቪዬቶ የራሱን ፈትቶ ሰጠው፤ ሌላ እስኪመጣለትም በመንገድ ዳር ግንብ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያ ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። በማግሥቱ ማኝ እንደገና ተቸገረ፤ ከፊት የነበረው ቪዬቶ ብስክሌቱን አዙሮ አቀበቱን ተመልሶ ወጥቶ ረዳው። ማኝ አሸነፈ። ቪዬቶ አምስተኛ ወጣ፤ የፈረንሳይን ዙር አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ዘመኑን ጨረሰ። ተውኔት ጸሐፊዎች ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሁለተኛውን ቀን ቢመለከቱት ይበጃቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ድንገት ነው። ሁለተኛው ቀን ግን ትናንት ያለቀሰ ሰው፣ እንባው ምን እንዳስከተለበት እያወቀ፣ አዙሮ ሽቅብ የወጣበት ነው።

ከኢትዮጵያውያን ይህን ሥራ በዓለም ፊት የሠራው የመቐለው ጽጋቡ ግርማይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ከ3,500 ኪሎሜትር በላይ በሆነው የፈረንሳይ ዙር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በተለያዩ የአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ ለዓመታት ሲነዳ ዋና ሥራው መሪዎቹን በአቀበት ላይ ማገዝ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በትግራይ ጦርነት ተነሥቶ የስልክ መስመር ሲቋረጥ፣ እንደ ብዙዎች ከክልሉ ውጭ እንደነበሩ ሰዎች ሁሉ፣ እርሱም የቤተሰቡን ድምፅ ሳይሰማ ወራት አሳልፏል። በዚያ ዘመን በማለዳ ተነሥቶ ብስክሌቱ ላይ የወጣ ሰው፣ ምን አነሣሣህ ተብሎ ሊጠየቅ አይገባም ነበር። ጥያቄው ራሱ ይቀላል።

ውድድሩ በሰኔ መጀመሪያ ተካሄደ፤ 118 ኪሎሜትር ነበር። ከአልጋ ሥር የተቀመጠው ጎማ ወጣ። ወጣቱ ከመነሻው ጀምሮ ከፊት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ያመለጡትን አሳድዶ አመጣ፤ ውኃውን ግማሹን ሳይጠጣ ለታናሹ ሰጠ። አሥራ ሁለት ኪሎሜትር ሲቀር፣ በአንድ አጭር አቀበት ላይ፣ እግሩ አልታዘዝ አለው። መንጋው እያለፈው ሄደ። ታናሹ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየው፤ «ሂድ!» አለው። ታናሹ ሦስተኛ ወጣ። እርሱ ሲደርስ የመድረሻው ጨርቅ በግማሽ ወርዶ፣ ልጆች በባዶው ጎዳና ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ለማለፍ ደወል ስለሌለው አፏጨላቸው።

በማግሥቱ አሠልጣኙ ደብተሩን ጠየቁት። የልብ ምት፣ እንቅልፍ፣ 118 ኪሎሜትር፤ ሁሉም አለ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ነበር።

«ይኼስ?»

ወጣቱ ደብተሩን አየው።

«እንጃ፣ ጋሼ። ትናንት ራሴን ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ዛሬ ዕረፍት ነው። ከነገ ወዲያ ሰንዳፋ፤ ዝናብ ሳይጀምር እንወጣለን።»

ወጣቱ ቀኑን በአዲስ ረድፍ ጻፈና፣ አጠገቡ «ዕረፍት» አለ።